ሳይነኩት የሚነሳው ጄኔሬተር

ባለፈው ሳምንት የደም ግፊት መድኃኒቴን ልገዛ ወጥቼ መንገድ ላይ ሳለሁ መብራት ጠፋ። አዳማ ላይ መብራት ሲጠፋ ዛሬ ማንም ቀና ብሎ አያይም። ፀጉር አስተካካዩ፣ ስልክ ጠጋኙ፣ ጁስ ቤቱ፣ እያንዳንዱ ደጃፉ ላይ ያቆማትን ትንሽ ጄኔሬተር ገመዷን ስቦ ያስነሳትና ሰፈሩ በአንድ አፍታ ወፍጮ ቤት ይሆናል። እኔ ያን ጊዜ ከአንድ አዲስ ፎቅ አጥር ሥር ደርሼ ነበር። ከአጥሩ ወዲያ፣ ማንም ሰው ሳይነካው፣ አንድ ትልቅ ሞተር ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሰው አጉረመረመ፣ ተንዘፈዘፈ፣ ከዚያ ድምፁን አስተካክሎ ተነሳ። የናፍጣው ጭስ አጥሩን ተሻግሮ ፊቴ ላይ መጣ። እግሬ አልሄድ አለኝ።

«አባባ፣ ጭሱ ይጎዳዎታል፤ ወዲህ ፈቀቅ ይበሉ» አለኝ የፎቁ ጥበቃ፤ ትሑት ልጅ ነው።

«ተወኝ ልጄ፣ ትንሽ ላሽትተው» አልኩት።

የሽማግሌ ነገር ብሎ ሳቀና ወንበሩን አመጣልኝ። ተቀመጥኩ። ናፍጣ ለሌላው ሰው ናፍጣ ነው። ለእኔ ግን የጎረምሳነቴ ሽታ ነው፤ ካርቶን ውስጥ የሚንጫጫ ጫጩት፣ ከሙቀት ይልቅ በፍርሃት የወጣ ላብ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከፍዬ የማልጨርሰው ውለታ ይሸተኛል።

ያኔ ከተማዋን ናዝሬት ነበር የምንላት፤ አዳማ የሚሏት ለገበያ የሚገቡት የገጠር ሰዎችና የአገሩ ተወላጆች ነበሩ። ሙቀቱ ያው ነው፤ በበጋ አቧራ ይዞ የሚመጣው ነፋስም ያው ነው። የተለወጠው ሌላው ሁሉ ነው። ከአውቶቡስ ተራ እስከ ባቡር ጣቢያ በጋሪ ስሙኒ ነበር፤ ፈረሱ መንገዱን ከባለቤቱ ይልቅ ስለሚያውቅ ባለጋሪው እያንቀላፋ ያደርሰን ነበር። የቢሮ ሰው ሁሉ ካኪ ለባሽ ነው። ወጣቱ ደግሞ ከታች የሚሰፋ ሱሪ ለብሶ አስፋልቱን ይጠርጋል፤ እኔም አንድ ቡናማ ነበረችኝ፤ ጋሪ ላይ ስወጣ ጫፏ ጎማው ውስጥ እየገባች ስንት ጊዜ በሰው ፊት አዋርዳኛለች። ስኳር በቀበሌ ሱቅ በሰልፍ ነበር የምንገዛው፤ የአገዳው ሽታ ከወንጂ በኩል በነፋስ እየመጣ አፍንጫችን ስር፣ እኛ ግን ሻያችንን በከረሜላ። ከአውቶቡስ ተራው ፊት ለፊት ያለው ካሴት ቤት ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገድ አዙሮ የፍቅር ዘፈን ያዘንባል፤ ቀበሌው በራሱ ድምፅ ማጉያ መፈክር ያዘንባል፤ «ናፈቅሽኝ» እና «ይውደም!» አየሩ ላይ እየተጋጩ፣ መሀል የቆመ ሰው ማን እንደተፈቀረና ማን እንደተወገዘ አይለይም ነበር። ብርቱካን በየመንገዱ ዳር በክምር ነው። አንድ ሰው ብርቱካን እየላጠ ሲሄድ ከኋላው ተከትለህ ቤቱን ማግኘት ትችላለህ።

የምሠራው ከከተማው ወጣ ብሎ በአሰላ መንገድ ላይ በነበረ የጫጩት ማስፈልፈያ ነው። የመንግሥት ነው፤ ያኔ የመንግሥት ያልሆነ ምን ነበር? ቁም ሣጥን የሚያካክሉ የብረት ሣጥኖች በአንድ ሰፊ ክፍል ተደርድረዋል። እንቁላሉ በትሪ ላይ ሆኖ ሦስት ሳምንት እዚያ ውስጥ ይከርማል፤ ሙቀቱን የጋለ ሽቦ ይሰጠዋል፣ አየሩን ማራገቢያ ያዞርለታል። ቀኑ ሲደርስ ጆሮህን ከሣጥኑ በር ላይ ብታስጠጋ ቅርፊቱን ገና ሳይሰብሩት ሲጯጯኹ ትሰማለህ። ያን ድምፅ ሰምቶ ፊቱ የማይፈታ ሰው አላየሁም። ከዚያ በተበሳሳ ካርቶን ተጭነው ወደ መቂ፣ ወደ አዳሚ ቱሉ፣ ወደ አቦምሳ ለገበሬ ማኅበራት ይሄዳሉ። መኪናው ሲወጣ እኛ እንደ ሙሽራ ሸኚ በሩ ላይ ቆመን እናያለን።

እኔ የመብራት ሠራተኛው ነበርኩ። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ወጥቼ ብዙም አልቆየሁ፤ ካቻቢቴና ፒንሳ ከኪሴ አይጠፋም። ስሜ ዳንኤል ነው። ቤተሰቦቼ ጴንጤ ናቸው፤ ያኔ ቤተ ክርስቲያናችን ታሽጎ ስለነበር በየቤቱ መጋረጃ ጋርደን፣ መዝሙሩን በሹክሹክታ እንዘምር ነበር። እስከ ዛሬ ጮክ ብሎ መዘመር አይሆንልኝም። በሥራ ቦታ ይህን የማያውቅ አልነበረም። መፈክር ሲባል እጄን የማነሳው ከሁሉ በኋላ እንደሆነም ያውቁ ነበር። እስከዚያ ቀን ግን ማንም ክፉ ነገር ብሎኝ አያውቅም።

ጄኔሬተራችን ከሩቅ አገር በመርከብ የመጣ ነበር፤ ላዩ ላይ የተጻፈውን ቋንቋ ከሥራ አስኪያጁ እስከ ዘበኛው የሚያነበው አልነበረም። ኩራቴ ነበር። የናዝሬት ሰው ጄኔሬተር ሲባል የሚያውቀው በእጅ እየዘወሩ፣ እየተሳደቡ የሚያስነሱትን ነው። የእኛው ግን አጠገቡ ግራጫ የመቆጣጠሪያ ሣጥን ነበረው። መብራት ሲጠፋ ሣጥኑ ራሱ ያውቃል፤ ራሱ ሞተሩን ያስነሳል፣ ራሱ ኃይሉን ወደ እኛ ያዞራል፤ መብራት ሲመለስ ራሱ ያጠፋዋል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ሥራ አስኪያጁ «ዳንኤል፣ አሳያቸው እስቲ» ይሉኛል፤ እኔ ዋናውን ማብሪያ ማጥፊያ ዝቅ ሳደርገው ሁሉም ነገር ጸጥ ይላል፣ ከዚያ ሞተሩ ከቤቱ ሆኖ ያገሳል። አንዴ ከአርሲ የመጡ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው «ይኼስ ነፍስ አለው» ብለውታል።

አንድ ቀን የከተማው ሠራተኛ ሁሉ ለስብሰባ አዳራሽ ተጠራ። መቅረት የለም፤ የሚቀሩት ዘበኛ፣ የታመመና እርጉዝ ብቻ ናቸው። ማስፈልፈያው ሞልቶ ነበር፤ ጫጩቶቹ በነጋታው ይወጣሉ ተብሎ ይጠበቃል። ሁሉም ሰው ከግቢው ሲወጣ እኔ ወደ ኋላ ቀርቼ ጄኔሬተሩን አየሁት፤ ባትሪው ደህና ነው፣ ናፍጣው ሙሉ ነው፣ ማዞሪያው በራሱ እንዲነሳ ተደርጓል። የማስፈልፈያውን ክፍል የምትጠብቀው ሴት በሩን ቆልፋ ቁልፉን ይዛ ሄዳለች። እኔም ወጣሁ። ስብሰባው ከጠዋት እስከ ከሰዓት ዘለቀ፤ ምን እንደተባለ አንድም ነገር አላስታውስም።

ስንመለስ ክፍሉ ተከፈተ። አምፖሉ በርቷል። ማራገቢያዎቹ ግን ቆመዋል፤ ጄኔሬተሩ ቤት ያለውን ማስነሻቸውን ስጫነው ወዲያው ተነሱ። ከብረቱ ሣጥኖች የወጣውን ሙቀት መቼም አልረሳውም። ጫጩት ሊወጣ ሲቃረብ እንቁላሉ ራሱ ይሞቃል፤ አየር ካልነፈሰለት ይታፈናል። ከበሩ ላይ ጆሮዬን አስጠጋሁ። ምንም የለም። ሴቶቹ ትሪውን እየሳቡ አንድ በአንድ እንቁላሉን ወደ ጆሯቸው ያስጠጉ ነበር፤ አንዷ ማልቀስ ስትጀምር ሌሎቹም ተከተሏት።

ጓድ ታምሩ የመጡት በዚያው ዕለት ነው። በየመሥሪያ ቤቱ እየዞሩ ሠራተኛውን የሚከታተሉት እሳቸው ነበሩ። ቀጠን ያሉ፣ ረጅም፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው። ድምፁን ከፍ የሚያደርግ ሰው ይሻል ነበር። መጀመሪያ መብራት ጠፍቶ እንደሆነ አስጠየቁ፤ በከተማው መብራት አልጠፋም ተባለ። ዘበኛውም ቀኑን ሙሉ ማንም ግቢ አልገባም፣ መብራትም አልጠፋም አለ። ከዚያ ጄኔሬተሩን እንድፈትን አዘዙኝ። ዋናውን ማብሪያ ማጥፊያ ዝቅ አደረግኩት፤ ሞተሩ እንደ ልማዱ ወዲያው ተነሳ። ደገምኩት፤ ተነሳ። ባይነሳ ምን ነበረበት! በሕይወቴ አንድ ማሽን እንዲበላሽ የጸለይኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ አስገቡኝ።

«መብራት አልጠፋም፤ ጄኔሬተሩ ጤነኛ ነው» አሉ ጓድ ታምሩ። «ታዲያ የታመመው ማን ነው?»

«አላውቅም፣ ጓድ።»

«መጨረሻ ከግቢ የወጣው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ። ማሽኑን ላይ ብዬ ነው የ...»

«ማራገቢያ በራሱ አይቆምም። ሰው አቁሞታል። የሚያውቅ ሰው።» ጠረጴዛው ላይ በጣታቸው መታ መታ አደረጉ። «ይኼ ምን እንደሚባል ታውቃለህ?»

አውቃለሁ። አሻጥር ይባላል። ያን ቃል ለዛሬ ልጅ ማስረዳት ይከብዳል። ዛሬ ልጆች አንዱ ሌላውን በጨዋታ «አሻጥረኛ» ይላሉ። ያኔ ቃሉ የወደቀበት ሰው በጠዋት ከቤቱ ይወጣና ጎረቤት ስሙን መጥራት ያቆማል። ጓድ ታምሩ ቃሉን አልተናገሩትም፤ እንድለው ይጠብቁኝ ነበር።

ከሥራ ታገድኩ፤ ግን በየጠዋቱ እየመጣሁ ከቢሮው ፊት ያለው አግዳሚ ላይ እንድቀመጥ ታዘዝኩ። ሰው ያልፋል፤ ትናንት ዳቦ የተካፈለኝ ሰው ዓይኑን ጫማው ላይ ተክሎ ያልፋል። አልፈርድባቸውም፤ እኔም በሌላው ጊዜ እንዲያው አልፌ ይሆናል። ቤት ውስጥ እናቴ ሹራቤንና ቅያሪ ሸሚዜን በሻርፕ ቋጥራ በሩ አጠገብ አኖረችው። ለምን እንደሆነ እሷም አልተናገረች፣ እኔም አልጠየቅኩ። አባቴ ማታ ማታ ሲጸልይ ስሜን ሲጠራ ድምፁ ይሰበር ነበር። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ አግዳሚው ላይ ሆኜ በሐሳቤ ያን ግራጫ ሣጥን እፈታዋለሁ፣ መልሼ እገጥመዋለሁ። ማዞሪያው ደህና፣ ባትሪው ደህና፣ ዘይቱ ደህና። እንዴት ነው ሁልጊዜ የሚነሳ ነገር አንድ ቀን ብቻ የማይነሳው?

እንዲህ እያለ አንድ ጠዋት የጋሪ ኮቴ ሰማሁ። አዴ ጫልቱ ነበረች። እንቁላል ከምትለየው ክፍል የምትሠራ፣ ከእኔ ጥቂት ዓመት የምትበልጥ ሴት ናት፤ ባሏ ባለጋሪ ነው። ሆዷ እጅግ ገፍቶ ስለነበር ሰሞኑን ከሥራ ቀርታ ነበር። ባሏ ከግቢው በር ውጭ ደግፎ አውርዷት እዚያው ቀረ። እግሯ እየከበዳት መጣች፤ ሌሎቹ እንደሚያደርጉት አላለፈችኝም፤ አጠገቤ ቆማ «አካም ቡልቴ፣ ዳንኤል?» አለችኝ። እንዴት አደርክ ማለቷ ነው። ለቀናት እንዴት አደርክ ያለኝ ሰው አልነበረም።

«ና፣ አብረኸኝ ግባ» አለች።

«አልተጠራሁም እኮ።»

«እኔም አልተጠራሁም» ብላ በሩን ገፋችው።

ጓድ ታምሩና ሥራ አስኪያጁ ተቀምጠዋል። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ። ጫልቱ ሳትቀመጥ ጀመረች።

«ጓድ፣ እንቁላሉ የሞተ ቀን እኔ እዚህ ነበርኩ።»

ጓድ ታምሩ ቀና አሉ። «እርጉዞች ይቅሩ ተብሎ አልነበረም?»

«ቤቴ ቆርቆሮ ነው፤ ሙቀቱ ሊገድለኝ ነበር። የእንቁላል ማቆያው ክፍል ማቀዝቀዣ አለው። መጥቼ እዚያ ተቀመጥኩ። በኋላ ምጥ የመጣብኝ መስሎኝ እናንተ ሳትመለሱ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ለካ ሲያታልለኝ ነው።»

«ዘበኛው ማንም አልገባም ብሏል። ማን አስገባሽ?»

«እግሬ» አለች። ዘበኛውን ልታስነካው አልፈለገችም።

«ስለዚህ ሁላችንም ስንሄድ ግቢው ውስጥ ብቻሽን ነበርሽ።»

«ብቻዬን ነበርኩ።»

ሥራ አስኪያጁ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እሷ ምን እንዳለች ሁላችንም ገብቶናል። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ተጠርጣሪው እኔ ብቻ ነበርኩ። እዚያ መኖሯን የሚያውቅ አልነበረም፤ ዝም ብትል ማንም አይጠይቃትም ነበር።

«ምን አየሽ?» አሉ ጓድ ታምሩ።

«ያየሁት የለም፤ የሰማሁት ነው። ሬዲዮ ከፍቼ ነበር። ዘፈኑ ሳያልቅ፣ በግድግዳው ወዲያ ሁልጊዜ እምም የሚለው የማራገቢያው ድምፅ ቆመ። ዳንኤል ሊያጸዳው አቁሞት ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ። በኋላ ዳንኤል ስብሰባ ላይ እንደነበረ ስሰማ እንቅልፍ አጣሁ።»

ከበሩ ላይ ሆኜ ሳይፈቀድልኝ ተናገርኩ። «ማራገቢያው ሲቆም ሬዲዮው አልጠፋም?»

«አልጠፋም። ማቀዝቀዣውም ይሠራ ነበር። መብራት መች ጠፋ!»

ያን ጊዜ የተሰማኝን ስሜት እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ጨለማ ቤት ውስጥ ስትዳብስ ቆይተህ ግድግዳው በር ሆኖ ሲከፈት እንደማለት ነው። «ጓድ፣ አንድ ነገር ልናገር?» አልኩ። በአገጫቸው ፈቀዱልኝ።

«ኤሌክትሪክ ወደዚህ ግቢ የሚመጣው በሦስት መስመር ነው። ሦስት በር ያለው ግቢ ይበሉት። ሬዲዮው በአንዱ ብቻ ይሠራል። ማራገቢያዎቹ ግን ሦስቱንም ይፈልጋሉ፤ አንዱ ከጎደለ ይቆማሉ። ያን ቀን የጎደለው አንዱ ይመስለኛል፤ ከግቢው ውጭ ምሰሶ ላይ ያለ ፊውዝ ተቃጥሎ እኛ ሳንመለስ ተተክቶ ይሆናል። በከተማው መብራት ጠፋ የማይባለውም ለዚህ ነው። ጄኔሬተሩን የሚቀሰቅሰው ሣጥን ሦስቱንም በር የሚጠብቅ መስሎኝ ነበር። አንዱን ብቻ የሚጠብቅ ከሆነ ግን...»

«ሌባው በሌላው በር ይገባል» አሉ ጓድ ታምሩ ቀስ ብለው።

«እንዲያ ነው። ስንፈትነው ደግሞ ሦስቱንም በአንድ ላይ ነው የምንዘጋው። ስለዚህ ሁልጊዜ ይነሳል።»

እኔን፣ ከዚያ እሷን ተመለከቱ። «የተያዘ ሰው ምክንያት አያጣም» አሉና ተነሱ። «ማሽኑ ራሱ ይናገር።»

ወደ ጄኔሬተሩ ቤት ሄድን። ሠራተኛው ከየክፍሉ ብቅ እያለ ከሩቅ ቆመ። የግቢው ዋና ፊውዞች ግድግዳው ላይ ሦስት ሆነው ተደርድረዋል። እጄን ስዘረጋ ጓድ ታምሩ ያዙኝ። «አንተ አትንካ። እኔ ነኝ የምነቅለው።» እንዴት እንደሚያዝ ነገርኳቸው፤ የላስቲክ ምንጣፉ ላይ ቆሙ፤ መንቀያውን ጨብጠው የመጀመሪያውን ነቀሉ።

ሞተሩ ተነሳ።

ስወደው የኖርኩት ያ ድምፅ በደረቴ ውስጥ እንደ መዶሻ ወረደ። ጓድ ታምሩ ፊውዙን በእጃቸው እንደያዙ ዞረው አዩኝ። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ጉዳዩን የጨረሰ ሰው ፊት ነበር። የተነቀለው ሣጥኑ የሚጠብቀው በር መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ምላሴ አልታዘዝ አለኝ። ወደ በሩ አንድ እርምጃ ተራመዱ።

«ጓድ» አለች ጫልቱ። ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ በሩ ላይ ቆማለች፤ ሳይገፏት ማለፊያ የለም። «ሁለት ቀርተዋል እኮ።»

ቆሙ። አዩዋት፤ እሷም አየቻቸው። ከዚያ ተመለሱ። የመጀመሪያውን ፊውዝ መለሱት፤ ሞተሩ ጥቂት ሠርቶ ጠፋ። ሁለተኛውን ነቀሉ። ከማዶ ማራገቢያዎቹ አቃሰቱ፣ ድምፃቸው ወፈረ፣ ከዚያ ተራ በተራ ቆሙ። ከራሳችን በላይ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይበራል። ጄኔሬተሩ ግን ምንም እንዳልሰማ ቁጭ ብሏል። ጠበቅን። ሥራ አስኪያጁ መሐረባቸውን እያሹ፣ እኔ ትንፋሼን ይዤ፣ ጠበቅን። ምንም። ሦስተኛውንም ነቀሉ፤ ምንም።

ጓድ ታምሩ ባርኔጣቸውን አውልቀው ግንባራቸውን ጠረጉ። ግራጫውን ሣጥን ተመለከቱትና «አሻጥረኛው ይኼ ነው» አሉ። ማንም ለመሳቅ አልደፈረም። ጫልቱ ብቻ ሳቀች፤ ሳቋ እኔንም ሥራ አስኪያጁንም ጎተተን፤ በመጨረሻ ጓድ ታምሩም ፈገግ አሉ፤ እኔ ደግሞ እየሳቅኩ እንባዬ መጣ።

ሣጥኑን ስከፍተው በእርግጥም አንዲት ሪሌ ብቻ አገኘሁ፤ መብራት መኖሩን እየጠበቀች፣ ሲጠፋ ሞተሩን የምትቀሰቅስ ትንሽ መሣሪያ ናት። ለሦስቱም መስመር ሦስት ያስፈልጉኝ ነበር፤ ናዝሬት ውስጥ አጣሁ። ላንጋኖ ሐይቅ ዳር ባለ አንድ ሆቴል እንዲህ ያሉ ሪሌዎች ያሉት የተጣለ የልብስ ማጠቢያ ማሽን እንዳለ ሰማሁ። የይለፍ ወረቀቱን ጓድ ታምሩ ራሳቸው አጻፉልኝ። ሞጆ፣ መቂ፣ ዝዋይ፤ አውቶቡሱ በቆመ ቁጥር በመስኮት ፓፓያና የተጠበሰ ዓሣ ይገባል፤ ሾፌሩ ዘፈን ከፍቶ፣ ተሳፋሪው እያጨበጨበ፣ ከአዳሚ ቱሉ በኋላ ግራሩ መሀል ያ ሻይ የመሰለ ሐይቅ ብቅ ሲል በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ነገር አላየሁም አልኩ። ምናልባት ሐይቁ ሳይሆን ነፃነቱ ነው። የሆቴሉ ጥገና ሠራተኛ፣ ከዚያ በፊት የማያውቀኝ ሰው፣ ታሪኬን ሰምቶ ሪሌዎቹን ከማሽኑ ፈትቶ ሰጠኝ፤ ምሳ አብልቶ ሸኘኝ። ስሙን ረስቼዋለሁ፤ ፊቱን ግን ዛሬም አውቀዋለሁ።

ሦስቱን ሪሌዎች ተደጋግፈው እንዲቆሙ አድርጌ አሰርኳቸው፤ አንዷ ከወደቀች ሞተሩ ይነሳል። ጓድ ታምሩ በተራ የፈለጉትን ፊውዝ እየነቀሉ ፈተኑኝ። በእያንዳንዱ ተነሳ። ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። እናቴ ያንን ቋጠሮ ፈታች፤ ሸሚዙን አጥባ ተኮሰችው። የሚቀጥሉት እንቁላሎች ሲፈለፈሉ አዴ ጫልቱ ወልዳ ነበር፤ ሴት ልጅ። ለጥየቃ የሄድነው የማስፈልፈያው ሴቶችና እኔ በባሏ ጋሪ ተጨናንቀን ነው፤ የገንፎው መሀል በቅቤ ሞልቶ ነበር።

ከዚያ ዘመን ተለወጠ። ማስፈልፈያው ተዘጋ፤ ቦታው ላይ ዛሬ ሌላ ነገር ቆሟል። እኔ የራሴን ጥገና ቤት ከፈትኩ፤ ልጆች አሳደግኩበት። ጓድ ታምሩ ታሰሩ ሲባል ሰማሁ፤ ኋላም ተፈቱ ሲባል። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ ገበሬ የውኃ መሳቢያ ልጠግን መቂ ሄጄ፣ ሽንኩርት የሚጫንበት ቦታ ጥላ ሥር የተቀመጡ አንድ ረጅም ሽማግሌ አየሁ። አወቅኋቸው። እሳቸው አላወቁኝም።

«ጋሽ ታምሩ፣ የጄኔሬተሩ ዳንኤል ነኝ።»

ብድግ ብለው አቀፉኝ። ሻይ አዘዙ። ለብዙ ዓመት በልቤ የያዝኩትን አመሰገንኳቸው፤ «ያን ቀን ሁለተኛውን ፊውዝ ባይነቅሉ ኖሮ እኔ ዛሬ የለሁም» አልኳቸው። ብርጭቆውን አስቀመጡ።

«አታመስግነኝ» አሉ። «ያን ጠዋት ላንድሮቨር አስጠርቼ ነበር። ከግቢው በር ውጭ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ሞተሩ በመጀመሪያው ሲነሳ፣ ወጥቼ ውሰዱት ልል ነበር የተራመድኩት። ያቺ ሴት ባትቆምብኝ...» ንግግሩን አልጨረሱትም። እጄን በእጃቸው ላይ አኖርኩ። «ተመልሰዋል እኮ» አልኳቸው። ብዙ ሰው ያኔ አልተመለሰም። ሊያባርረኝ፣ ሊያጠፋኝ የሚችል ሰው፣ ሁለት ቀርተዋል ሲሉት ተመልሶ መንቀሉ ለእኔ ትንሽ ነገር አይደለም። ባለፈው ዓመት ማረፋቸውን ሰማሁ፤ ለቀብራቸው መቂ ሄጃለሁ።

ያን ጊዜ ከእሳቸው ጋር ሻይ ጠጥቼ ከመቂ በተመለስኩበት ሳምንት አዴ ጫልቱ ቤት ገብቼ ነበር። ባሏ ካረፈ ቆይቷል፤ ከዚያች ልጇና ከልጅ ልጆቿ ጋር ትኖራለች፤ ዓይኗ ደክሟል፣ ሳቋ ግን ያው ነው። የላንድሮቨሩን ነገር ነገርኳት። ትደነግጣለች ብዬ ነበር።

«አይቼዋለሁ እኮ» አለች።

«ምኑን?»

«መኪናውን። ከጋሪው ስወርድ በሩ ላይ ቆሟል። ሾፌሩን እዚህ ምን ትሠራለህ ብዬ ጠየቅኩት። ዛሬ የምንወስደው ሰው አለ አለኝ።»

«እኔን እንደሆነ ነገረሽ?»

«ማንን እንደሆነ እሱም አያውቅም፤ ገና አልነገሩትም።»

«እና ምን አደረግሽ፣ አዴ?»

ጥያቄው ገርሟት ዓይኗን አጥብባ ተመለከተችኝ።

«እና ገባኋ» አለች።